የሂማላያ ልምምድ በእንጦጦ ዳገት

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ሜሮን ስልኳን ይዛ መጣችና አጠገቤ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ሂማላያ ልትሄድ አስባ ኖሯል። ተራራው ጫፍ ልትወጣ አይደለም፤ ከሥሩ ባሉት መንደሮች መካከል፣ ከአንዱ ሻይ ቤት ወደ ሌላው ሻይ ቤት፣ ለጥቂት ቀን በእግሯ ልትሄድ ነው። የአውሮፕላኑን ዋጋ አጣርታ፣ የምታድርባቸውን ቤቶች በፎቶ መርጣ፣ ጫማ ሳይቀር ገዝታ ነበር። ቪዛውን ከለከሏት። የሌላ አገር ሰው እዚያው ደርሶ የሚያስመታውን ቪዛ እሷ ከዚህ ለምና መሄድ ነበረባት፤ ስትለምንም የጉዞሽ ዓላማ አሳማኝ አይደለም ተባለች። "በእግሬ መሄድ ፈልጌ ነው አልኳቸው እኮ ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ምን ልበላቸው?" አለችኝ። ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጡብኝና ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሳሁ። ይህንኑ ጥያቄ፣ ይህንኑ ተራራ፣ ይህንኑ ሻይ ቤት፣ እሷ ሳትወለድ፣ እናቷም ገና በራችን ላይ ገመድ ስትዘል፣ እኔ ከቀበሌያችን ጋር ስጨቃጨቅበት ከርሜያለሁ።

ያኔ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ሕንፃው ዛሬ የለም፤ በቅርቡ በዚያ ሳልፍ የነበረበትን ቦታ ያገኘሁት በአጥሩ ቆርቆሮ ላይ በግምት ነው። ከሥራችን ወርቅ ቤት፣ ከጎናችን ኬክ ቤት፣ ከፊት ለፊታችን ካሴት ቤት ነበር። ካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ጠዋት ማርሽ ያሰማል፤ ከሰዓት በኋላ የፍቅር ዘፈን ይጀምርና ካኪ የለበሰ ሰው ከሩቅ ብቅ ሲል መልሶ ማርሹን ይከፍታል። በዘፈኑ መሀል ዘፋኙ ተቆርጦ ጡሩምባው ሲቀጥል፣ እኛ ሳናይ ማን እየመጣ እንደሆነ እናውቅ ነበር። ማኪያቶ ከስሙኒ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ዋጋ ነበረው፤ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆሞ ለሚጠጣ ማለቴ ነው፤ መቀመጥ ለባለ ሥራና ለባለ ፍቅር ነበር። ጎረምሳው ከጉልበቱ በታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪውን ለብሶ፣ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ከሲኒማ ቤቱ ደጃፍ እስከ ጊዮርጊስ ሲመላለስ ይውላል፤ የመንግሥት ሰው ካኪውን እስከ አንገቱ ቆልፎ በመካከሉ ያልፋል። ሁለቱም ግን ዞረው ዞረው እኛ ዘንድ ይመጣሉ፤ ዘመኑ የጉርድ ፎቶ ዘመን ነበርና። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ፣ ለማኅበር ጉርድ ፎቶ፣ ለይለፍ ወረቀት ጉርድ ፎቶ። አሠሪዬ ጋሽ ንጉሤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አብዮቱ ያደረገልን አንድ ነገር ቢኖር ሕዝቡን በሙሉ ጆሮው እስኪታይ አዙሮ እኛ ወንበር ላይ ማስቀመጡ ነው ይሉ ነበር።

እኔ ቀን ፎቶ አጥባለሁ፤ ማታ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ትምህርቴን በመሀል ጥዬ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ከሚያከራዩ ሰዎች እየተከራየሁ፣ በኪራዩ ሰዓት ላለመቀደም በእግሬ እየሄድኩ እያነበብኩ የተማርኩት ነው። ምሰሶ ገጭቼ የተፈነከተ ግንባሬ እስከ ዛሬ ምስክር ነው። የጻፍኩትን ወደ ጋዜጣ ቢሮ ስወስድ የሚቀበለኝ ሰውዬ አንብቦ፣ ተራራ ትወዳለህ፣ ግን ተራራህ ላይ አንድም ወዛደር የለም ይለኛል። አንድ ጊዜ ተናድጄ ተራራው ላይ አንድ ወዛደር አስቀመጥኩለት። ብቻውን ምን ይሠራል አለኝ።

ሚስተር ኩሪየንን የማውቀው በዚያ ሰሞን ነው። የሕንድ ሰው ነው፤ አራት ኪሎ አካባቢ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ቀጭን፣ ፀጉሩን በዘይት ወደ ኋላ ያስተኛ፣ በበጋም ጃንጥላው የማይለየው ሰው። አንድ ቀን ጥቁርና ነጭ ፊልም አምጥቶ እንዳጥብለት ሰጠኝ። በጨለማው ክፍል፣ በቀይዋ አምፖል ሥር፣ ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነከርኩት። መጀመሪያ ዛፎች መጡ። ከዚያ የድንጋይ ጣሪያ፣ በሩ ላይ የቆሙ ሰዎች፣ የሚጨስ ማንቆርቆሪያ። ከላይ ያለው የወረቀቱ ግማሽ ግን ነጭ እንደሆነ ቀረ። ተበላሽቶ ነው ብዬ ላወጣው ስል፣ ሰማይ ነው ባልኩት ቦታ ላይ ቀጭን ጥላ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ሌላ፤ ነጩ በሙሉ ተራራ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እዚያ ከፍታ ላይ ይኖራል ብዬ ዓይኔን ስላላነሳሁ ነው ያላየሁት።

ፎቶውን ሊወስድ ሲመጣ ጠየቅሁት። ጠያቂ አጥቶ የኖረ ሰው ነበር መሰል፣ የደንበኛውን ወንበር ስቦ ተቀመጠና በእንግሊዝኛውም በተሰባበረ አማርኛውም ነገረኝ። እዚያ አገር ድንኳን መሸከም፣ ስንቅ መያዝ የለም። በጠዋት ትነሳለህ፣ በድንጋይ ደረጃ ትወጣለህ፣ በሩዝ እርሻ መሀል ትወርዳለህ፤ ሲደክምህ አንድ ሻይ ቤት ታገኛለህ። ሩዝና ምስር ወጥ ይሰጡሃል፣ የጣውላ አልጋ ያሳዩሃል። ባለቤቷ ምን ብላ ትጠይቃለች አልኩት። "ሻይ? ብላ ነው የምትጠይቀው" አለኝ። ከየት መጣህ አትልም? አትልም። ለምን መጣህስ? ምን ቸገራት አለኝ። ይህ ነው ያሳበደኝ። እኔ ከአዲስ አበባ ሱሉልታ ድረስ አክስቴን ልጠይቅ ስሄድ ኬላ ላይ ስለ አክስቴ ከእኔ የበለጠ የሚጠይቅ ሰው ይገጥመኝ ነበር። ማንም "ለምን?" ሳይለኝ ቀኑን ሙሉ የምሄድበት መንገድ በዓለም ላይ አለ ማለት፣ ለእኔ ከተራራው ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነበር።

የሚስተር ኩሪየን ውል አብቅቶ ነበር፤ ክረምቱን ጨርሶ አገሩ ሊገባ ነው። ዴልሂ ድረስ መምጣት ከቻልክ አብረን እንሄዳለን አለኝ። የእነሱም ክረምት ከእኛው ጋር ይገጥማል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ሰማዩ እንደ እኛው ይጠራል። በተበላሸ የፎቶ ወረቀት ጀርባ ላይ መንገዱን ሣለልኝ፤ ከዴልሂ በባቡር እስከ ድንበር፣ ከድንበር በአውቶብስ ሐይቅ ዳር እስካለች ከተማ፣ ከዚያ በእግር። ያንን ወረቀት ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር ስናሻሽለው ከረምን። እዚህ መንደር እናድራለን ይላል፤ እኔ፣ ከዚህኛው ትንሽ እንለፍና ከወንዙ ማዶ እንደር እላለሁ፤ ወንዙን በዓይኑ ካየው ሰው ጋር እከራከራለሁ። ለመንገዱ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ ይፈልጋሉ ሲለኝ ሳቅን። ከፍታውስ አልኩት። ጭራሽ አታስብ፣ የእኛ አጭር ጉዞ ላይ የምትቆምበት ከፍተኛው ቦታ ከእንጦጦህ እምብዛም አይበልጥም፤ ልዩነቱ እዚያ ቆመህ ቀና ስትል ገና ተራራው መጀመሩ ነው አለኝ። እግርህን አለማምድ፣ በየጠዋቱ ሸክም ይዘህ ዳገት ውጣ አለኝ። ገንዘቡን ከልብሴም ከምሳዬም ቆጥቤ አደርሰዋለሁ። ችግሬ ገንዘብ አልነበረም።

ችግሬ መውጫ ቪዛ ነበር። መውጫ ቪዛ ለማግኘት ዋስ ያስፈልጋል፤ ጋሽ ንጉሤ ቅር እያላቸውም ቢሆን ዋስ እሆንሃለሁ አሉ፣ የቀበሌህን የድጋፍ ደብዳቤ ካመጣህ። ስለዚህ ሂማላያ በሙሉ አፍንጮ በር ያለው የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ሊቀመንበሩ ጓድ ሽፈራው ይባል ነበር። አብዮቱ ሳይመጣ የሱሪያችንን ግርጌ የሚያሳጥርልን ልብስ ሰፊ ነበር፤ አሁንም ሰው ሲገባ ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ ነበር የሚያየው። ወረፋዬን ጠብቄ ቀረብኩ። ለትምህርት ነው? አለኝ። አይደለም አልኩት። ለሕክምና? አይደለም። ዘመድ አለህ? የለኝም።

"ታዲያ ምን ልትሠራ ነው?"

"በእግር ልሄድ ነው ጓድ ሊቀመንበር።"

"በአውሮፕላን ሄደህ፣ በእግር ልትሄድ?"

ስለ ሻይ ቤቶቹ አስረዳሁት። ባስረዳሁ ቁጥር ነገሩ ለራሴም እየከፋ መጣ። እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ ሻይ እዚህ ጠፋ ወይ አለኝ። ከወረፋው መሀል አንዱ፣ "ሻዩስ አለ ጓድ፣ የጠፋው ስኳሩ ነው" አለ፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በትከሻው ሳቀ። ጓድ ሽፈራው አልሳቀም። ብዕሩን አስቀምጦ፣ የአቶ ደበላ ልጅ አይደለህ እንዴ አለኝ። ነኝ አልኩት። ይጣራል፣ ከጎረቤቶችህ ይጠየቃል፣ ከዚያ ለሕዝቡ ይቀርባል አለና አሰናበተኝ። ሻይ ቤቱ ሰበብ ነው፤ ዋናው ጉዳይ የአቶ ደበላ ልጅነቴ ነበር።

አባቴ ከወለጋ መጥቶ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ ያረጀ ሰው ነው። ወንጌላውያን ነን፤ ሰፈር ጴንጤ ይለናል። የምንሄድበት ጸሎት ቤት ከታሸገ ቆይቷል፤ ጸሎቱ ወደየቤቱ ገብቷል። እኛ ቤት ሲሆን እናቴ ራዲዮኑን እስከ ጥግ ትከፍተዋለች፤ በአራት መስመር የሚዘመረውን መዝሙር ሳሎን ሞልተው በሹክሹክታ ይዘምሩታል። በሹክሹክታ የሚዘመር መዝሙር ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ቤቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ከግጥም ሌላ የማምነው ነገር አልነበረኝም፣ ጓዳ ሆኜ ነበር የምሰማው። ሰፈሩ ያውቃል፤ ግን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም። አባቴ ደግሞ ሥራው ወደ ደሙ የገባ ሰው ነበር፤ ስህተት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ለቅሶ ቤት ሟቹ ለጋስ ነበር ሲባል፣ ለጋስ እንኳ አልነበረም፣ ጥሩ ሰው ግን ነበር ብሎ ያርማል። ስለዚህ ብዙ ለቅሶ እናቴ ብቻዋን ትሄዳለች።

ልምምዴን ጀምሬ ነበር። ሰዓት እላፊው እንደተነሳ፣ ከሰልባጅ ተራ የገዛሁትን የጀርባ ቦርሳ ከወንዝ ዳር በለቀምኩት ድንጋይ ሞልቼ፣ ከአፍንጮ በር በስድስት ኪሎ ሽቅብ እወጣለሁ። ሽሮ ሜዳን ሳልፍ ሸማኔዎቹ ገና መደባቸው ላይ አልተቀመጡም። ከዚያ በላይ ባሕር ዛፉ ይጀምራል፤ እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ከራሳቸው በላይ ርዝመት ያለውን ጭራሮ ተሸክመው በሩጫ ሲወርዱ እኔ ዳር እይዝላቸዋለሁ። እነሱ ቁልቁል፣ ለእንጀራቸው። እኔ ሽቅብ፣ ለግጥሜ። አንዷ አንድ ቀን ድንጋይ መሆኑን በቦርሳው ቅርጽ አውቃ፣ ወንድሜ፣ ላይም እኮ ድንጋይ አለ ብላኝ ወረደች።

ችግሩ የመጣው ቦርሳው ሲቀደድ ነው። አንድ ጠዋት በራችን ላይ ስፌቱ ለቀቀና ድንጋዮቹ እትዬ አስካለ እግር ሥር ተንከባለሉ። እትዬ አስካለ አጥር የሚጋሩን ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከሰፈሩ ማንም የማይደፍራቸው ሴት። ከኪዳን ሲመለሱ ነው የደረሱብኝ። ድንጋዩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ እንጦጦ አዩ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቁልቢ የሚሄድ ተሳይ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን እንደሚወጣ የማያውቅ የለም። የጴንጤው ልጅ ጎህ ሳይቀድ ድንጋይ አዝሎ ወደ ማርያም የሚወጣው ስለት ቢኖርበት እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ጎንበስ ብለው ድንጋዮቹን ሰበሰቡልኝ፤ ትልቁን ስመው ሰጡኝ። በዚያ ዓመት "ለምን?" ያላለኝ አንድ ሰው ባገኝ እሳቸው ነበሩ፤ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ትንሽ ጀሪካን ይዘው ጠበቁኝ። ከወጣህ አይቀር ከኪዳነ ምሕረት ጠበል ቅዳልኝ፣ ወገቤን አሉኝ። በሳምንቱ የወይዘሮ እገሌ ጀሪካን ተጨመረ፣ ከዚያ የሌላዋ። ጧፍ አድርስልኝ የሚሉ መጡ። ሂማላያ እሄዳለሁ ብዬ የጀመርኩት ሰውዬ ድንጋይ ይዤ ወጥቼ፣ ድንጋይና ጠበል ይዤ የምወርድ የሰፈር ውሃ ቀጂ ሆንኩ። ለጉልበት ጥሩ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ጀሪካኖቹን እትዬ አስካለ ግቢ ስለማስቀምጥ አባቴ አላየም፤ ድንጋዩን ያውቃል፣ እግሬን ለማጠንከር እንደሆነ ነግሬዋለሁ።

ቀበሌ ሲያጣራ ያገኘው እንግዲህ ይህንን ነው። ጎረቤቶቹ በሙሉ፣ የእኛው ልጅ ነው፣ ስለት አለበት ብለው መሰከሩ። ጓድ ሽፈራው አስጠራኝና ወንበር ሰጠኝ። ስለት እንኳ ኋላ ቀር ልማድ ነው፣ ሆኖም የባሰም አለ፤ ከአባትህ መንገድ መውጣትህን ሰምተናል፣ እሁድ ሕዝቡ ፊት ይነገርና ደብዳቤው ይጻፋል አለኝ። ከእኔ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነበር። አንድም የውሸት ቃል አልተጠየቅሁም። ፒያሳ ድረስ በሩጫ ወረድኩና ለሚስተር ኩሪየን ነገርኩት፤ ካልሲ ሁለት ደራርበህ መያዝ አትርሳ አለኝ።

ስብሰባው እሁድ ጠዋት ነበር። ለምን እሁድ ጠዋት እንደሆነ አይነገርም፤ ሁሉም ግን ያውቃል። የቀረ ሰው ራሽኑ ላይ ስለሚታይበት አባቴም መምጣት ነበረበት። ከአንድ ባላባት የተወረሰ አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ላይ የወይን ዘለላ የተቀረጸበት፣ ግድግዳው ላይ መፈክር የተለጠፈበት። አባቴ እናቴ የተኮሰችለትን ኮት ለብሶ ከእኔ ሁለት ረድፍ ፊት ተቀመጠ። የሮንድ ተራ፣ የጽዳት ዘመቻ፣ የሱቁ ዘይት ሲነሳ ሲወድቅ ረፈደ። ከዚያ የእኔ ስም ተጠራ። እትዬ አስካለ ተነስተው፣ ይህ ልጅ በየጠዋቱ ድንጋይ ተሸክሞ እንጦጦ እንደሚወጣ በዓይናቸው ማየታቸውን፣ ስለቱን በትሕትና መያዙን ተናገሩ። አዳራሹ በጉምጉምታ ደገፋቸው። ጓድ ሽፈራው፣ ተቃውሞ ከሌለ፣ ብሎ ብዕሩን አነሳ።

የአባቴ እጅ ወደ ላይ ወጣ።

"እርማት አለኝ" አለ። "ልጄ ስለት የለበትም። ድንጋዩን የሚሸከመው እግሩን ለዳገት ለማጠንከር ነው። እኛ ቤት ስለት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ እንዴት እንደምናመልክም ሁላችሁም ታውቃላችሁ።"

ማንም ጮክ ብሎ ያልተናገረው ነገር በአባቴ አፍ፣ በዚያ አዳራሽ፣ በዚያ ጥርት ባለ ድምፅ ተነገረ። በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። እናቴ የሰው ጀርባ ላይ አፍጥጣ ቀረች። ጓድ ሽፈራው ግን የያዘው ሌላውን ቃል ነበር። እግሩን ለማጠንከር? አለ ቀስ ብሎ። ለየትኛው ዳገት ነው እግሩን የሚያጠነክረው? በዚያ ዘመን ጎረምሳ እግሩን የሚያጠነክርበት ዳገት አንድ ብቻ ነበር፤ ወደ ጫካ የሚወስደው፣ ከጫካም ወደ ሱዳን። እውነተኛው ምክንያቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ተነግሮልኝ፣ ከውሸቱ ሁሉ አደገኛው እሱ ሆኖ ተገኘ። ጓድ ሽፈራው ዓይኑን ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ ሲያነሳ፣ እኔም አባቴም ከዚያ አዳራሽ ወደ ቤት እንደማንመለስ ተሰማኝ።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ሳያወጡ ብድግ አሉ።

"አቶ ደበላ ምን ያውቃሉ ብላችሁ ነው? ልጁ ከእሳቸው ተደብቆ ነው የተሳለው። እግሬን ላጠንክር ነው ብሎ አታልሏቸዋል፤ ለእሳቸው ምን ይበላቸው ታዲያ?"

አዳራሹ ሳቀ። እፎይ ያለ ሳቅ ነበር። አባቴ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ "ይቀመጡ እንግዲህ አቶ ደበላ፣ የሰፈሩን ጠበል ማን ሆነና የሚቀዳው?" አሉት። ከኋላም ከጎንም፣ እውነት ነው፣ ለእኔም ቀድቶልኛል የሚሉ ድምፆች መጡ። አባቴ ዞሮ አየኝ። በዓይኑ ጠየቀኝ። "ጠበሉን እኔ ነኝ የምቀዳው" አልኩ፤ ይህ እውነት ነው። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ጓድ ሽፈራው ብዕሩን ጥቂት ሲያሽከረክር ቆየ። አባቴን ማሰር ሰፈሩን በሙሉ ውሸታም ማድረግ ነበር፤ እኔን ማመን ደግሞ አልፈለገም። በመጨረሻ፣ ከገዛ አባቱ የደበቀ ልጅ ከአብዮቱ የሚደብቀው አይጠፋም፣ ድጋፍ አይሰጠውም፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ አለ። የሚቀጥለው አጀንዳ የተሰበረው ቧንቧ ነበር። ስለ ቧንቧው ብዙ ተወራ።

ስብሰባው አልቆ ወደ ቤት ተመለስን። በራችን ላይ ስንደርስ፣ ዝም ብትል ምን ነበረበት አልኩት። "ሌላ ሰው አድርገው ሲጽፉህ ዝም ልበል?" አለኝ። ደብዳቤ ነው አባዬ፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነበር አልኩት። እሱ ቁልፉን እየፈለገ፣ ጠበሉን ግን አልነገርከኝም አለኝ። ዛሬም ድረስ ይህን ሳስብ ጥርሴን አፋጫለሁ። ሰው እውነቱን የሚናገርበት ስንት እሁድ አለ። ያንን እሁድ ብቻ ቢያሳልፈው ኖሮ እላለሁ፤ እሱን አፈር ካለበስነው ስንት ዘመኑ፣ እኔ አሁንም ከእሱ ጋር እከራከራለሁ።

ያን ምሽት ድንጋዮቹን በሙሉ ወንዙ ውስጥ ጣልኳቸው። በማግስቱ እስኪረፍድ ልተኛ ብዬ ነበር። ጎህ ሳይቀድ በራችን ተንኳኳ፤ እትዬ አስካለ ናቸው፣ ባዶ ጀሪካን ይዘው። አልወጣም አልኳቸው። ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ስለት ይኑርብህ አይኑርብህ ያንተና የእመቤታችን ጉዳይ ነው። ዛሬ ካልወጣህ ግን ነገ አባትህን ማን ያስጥላቸዋል? ድንጋዩንም እንዳትረሳ።"

ወንዝ ወርጄ ሌላ ድንጋይ ለቀምኩ። ወጣሁ። በነሐሴ ጭቃ ወጣሁ፣ በጳጉሜ ዝናብ ወጣሁ። ከአሁን በኋላ እግሬ ለምንም አያስፈልገኝም፤ ቢሆንም በየቀኑ እየጠነከረ ሄደ። ሰፈሩ ያያል፣ ቀበሌ ያያል። መስቀል እንዳለፈ ሚስተር ኩሪየን ሊሰናበተኝ ፎቶ ቤቱ መጣ፤ ሻንጣው ታክሲው ላይ ነበር። የሆነውን ስነግረው ብዙም የገባው አልመሰለኝም፤ ወረቀት የዘገየብኝ መስሎት፣ ግድ የለም፣ በሚቀጥለው ዓመትም ተራራው እዚያው ነው አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ባቴን በጣቱ ጫን አደረገና፣ ጎበዝ፣ ተዘጋጅተሃል አለኝ።

ጥቅምት ገባ። ሰማዩ እንደተባለው ጠራ። ሚስተር ኩሪየን ከሐይቋ ከተማ ተነስቶ መንገድ ጀምሮ ይሆናል ባልኩበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት እንጦጦ አናት ላይ ቆሜ ቀና አልኩ። ምንም አልነበረም፤ ሰማይ ብቻ። ከታች አዲስ አበባ በጭስ ተሸፍና ተኝታለች። ሁለቱን ጀሪካኖች ሞልቼ ቁልቁል ወረድኩ። ሽሮ ሜዳ ስደርስ፣ ሸማኔዎቹ ደጃፍ ላይ አባቴ ቆሟል። ኮቱን ለብሷል፤ ማተሚያ ቤት የሚገባበት ሰዓት ነበር። ምን ልትሠራ መጣህ ልለው አልኩና ተውኩት። እሱም ከግራ እጄ አንዱን ጀሪካን ወሰደ።

በስድስት ኪሎ በኩል ወረድን። እጁን እየለዋወጠ ይሸከማል፤ ውሃው ኮቱን እያራሰው ነው። ሰው ሰላም ይለዋል፣ ጀሪካኑን ያያል፣ እሱን ያያል። በቀበሌው ሱቅ ፊት ወረፋው ረዥም ነበር፤ ጓድ ሽፈራውም ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ አባቴ ባርኔጣውን በነፃ እጁ አንስቶለት አለፈ። እትዬ አስካለ በራቸውን ከፍተው አዩት። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ አቶ ደበላ፣ የእመቤታችን በረከት ይደርብዎት" አሉት።

አባቴ ጀሪካኑን እንደያዘ ቆመ። አፉን ከፈተ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"አሜን" አለ፤ ጀሪካኑን ደጃፉ ላይ አስቀመጠ፤ ሥራ ረፍዶበት ነበርና ወደ ፒያሳ ፈጠን ብሎ ሄደ።